የትምህርት ቤት ገንዘብ ለማን ይደርሳል?

ልጅ አማና ነውና ማስተማሩ የወላጅ ግዴታ ነው ስንል ብዙ ጊዜ የሚታየን ደብተሩና ዩኒፎርሙ ነው። የመምህሩ ደመወዝ፣ የመማሪያ ክፍሉና መጽሐፉ ግን በአብዛኛው ከሕዝብ ግብር የሚወጣ ነው። የዚህን ገንዘብ አከፋፈል ለባለሥልጣናት ብቻ መተው አግባብ አይመስለንም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ነው። ክልሎች ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለወረዳዎች በጥቅል ይመድባሉ፤ ወረዳው ለጤና፣ ለግብርናና ለትምህርት ይደለድላል። ለትምህርት ከተመደበው አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል ለጠመኔና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት ለማቃለል በትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ አማካይነት በተማሪ ቁጥር የተሰላ ድጎማ በቀጥታ ለትምህርት ቤቶች መስጠት ተጀመረ። መልካም ጅምር ነበር።

ይሁን እንጂ በነፍስ ወከፍ ማካፈል ላይ ላዩን እንደሚታየው ፍትሐዊ አይደለም። ሁለት ሺህ ተማሪ ያለው የከተማ ትምህርት ቤትና መቶ ሃምሳ ተማሪ ያለው የአርብቶ አደር ትምህርት ቤት አለ እንበል። ጠመኔ በተማሪ ልክ ይገዛል። ጣሪያ ግን በንፋስ የሚነሳው ተማሪ ቆጥሮ አይደለም፤ የውሃ ጉድጓድም ተማሪ ስላነሰ አይረክስም። መጽሐፍ በጭነት መኪና በሩ ድረስ ከሚመጣለትና መንገድ ከሌለው፣ በእንስሳት ጀርባ ከሚያስጭነው ማን ይበልጥ ያወጣል?

ጉድለቱን የሚሞላው የወላጅ መዋጮ ነው። የከተማ ነጋዴ በጥሬ ገንዘብ፣ የገጠሩ ገበሬ ደግሞ በድንጋይ፣ በእንጨትና በጉልበቱ ያዋጣል። የገበሬውን ጉልበት አናሳንሰውም፤ ብዙ የገጠር መማሪያ ክፍሎች የቆሙት በእርሱ ነው። ነገር ግን በጉልበት ማይክሮስኮፕ አይገዛም። ስለዚህ መዋጮ በበዛ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

በሁለተኛ ደረጃ ነገሩ ይብሳል። የ1986 ዓ.ም የትምህርት ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ በነጻ ይሁን ብሎ ነበር፤ ሆኖም ለገጠር ልጅ "ነጻ" የተባለው ትምህርት ነጻ ሆኖ አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ያለው በከተማ ስለሆነ ቤት ይከራያል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ሊያመጣ ይመለሳል። ሴት ልጁን በኪራይ ቤት ብቻዋን ማስቀመጥ የሚያስፈራው አባት ደግሞ እቤት ያስቀራታል። መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያወጣው ለአንደኛ ደረጃው ከሚያወጣው ይበልጣል፤ ያ ትልቅ ወጪ የሚደርሰው ግን በአብዛኛው ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ለተወለደው ልጅ ነው። ለመንደሯ ልጅ የሴቶች ማደሪያ መሥራት ከአንድ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ሊበልጥባት ይችላል።

በሌላው ዓለም ምን ተደረገ? ብራዚል በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በየክፍለ ሀገሩ ከተወሰኑ ግብሮች 15 በመቶውን በአንድ ቋት ሰብስባ በተማሪ ቁጥር ማከፋፈል ጀመረች፤ በነፍስ ወከፍ ከዝቅተኛው ልክ በታች ለወረደውም ማዕከላዊው መንግሥት ይጨምርለታል። ቢያንስ 60 በመቶው ለመምህራን ደመወዝ እንዲሆን ተወሰነ። በቁጥር ማካፈል ብቻውን እንደማይበቃ ያዩት እነርሱም ናቸው፤ ለገጠር ትምህርት ቤት ከፍ ያለ ሒሳብ እንዲያዝ ሆኗል።

በእኛ አገር በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ነበሩ። በየቤቱ የተወቀሰው ልጁ ነው። ትምህርት ቤቱ ስንት ብር ደረሰው ብሎ የጠየቀ ወላጅ ግን ብዙ አልሰማንም።

ጥያቄው የሚቀርብበት ቦታ አለ፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ። ኅብረቱ ሲጠራን "መዋጮ ስንት ነው?" ከማለታችን በፊት ዘንድሮ ስንት ብር መጣ፣ በምን ላይ ዋለ፣ ሒሳቡስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል ወይ ብለን እንጠይቅ። እናቶችም ይገኙ፤ የስንቁን ክብደት የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።