ወንጀሉን ያመጣው ማን ነው? የሮማኒና ተረትና እውነታ

ሮማኒና ከሮም ደቡብ ምሥራቅ፣ ከተማዋን ከሚዞረው ትልቅ የቀለበት መንገድ ወጣ ብሎ የሚገኝ ሰፈር ነው። ቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ ትቶት የነበረውን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በ2006 ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከሱዳን የመጡ ስደተኞች ገቡበት፤ ሰላም ፓላስም ተባለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ሕንፃውና ስለ ነዋሪዎቹ ብዙ ይወራል። የሚያወሩት ጣሊያኖች ብቻ አይደሉም፤ ቀድሞ መጥቶ የተደላደለው የኛው ሰውም «እዚያ ያሉት እኮ» ብሎ ይጀምራል። ችግሩም ድህነቱም እዚያ መኖሩ እውነት ነው። ወሬው የሚሳሳተው የቱ የቱን እንዳመጣ መናገር ሲጀምር ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎችንም ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራቸው ይኸው ጥያቄ ነው።

ተረት፦ ስደተኛ በበዛበት ወንጀል ይበዛል፤ ስለዚህ ወንጀሉን ያመጣው ስደተኛው ነው።

እውነታ፦ በ2018 በፋሲካ ዕለት ሮማኒናን የመላ ጣሊያን ዜና ያደረጋት ሮክሲ ባር በሚባል ቡና ቤት የተፈጸመ ድብደባ ነበር። ጥቃቱን ያደረሱት ካዛሞኒካ ከሚባለው፣ በአካባቢው ከከተመ አሥርት ዓመታት ካስቆጠረው የወንጀል ቡድን ወገን ነበሩ። የተጠቁት አንዲት አካል ጉዳተኛ ሴትና ከሩማንያ የመጣው የቡና ቤቱ ባለቤት ናቸው። ስደተኛው ተደብዳቢ እንጂ ደብዳቢ አልነበረም። የሰፈሩን የስደተኛ ቁጥርና የወንጀል ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው ግን ይህ አይታየውም። መንግሥት ችላ ያለው የከተማ ዳርቻ መጠጊያ ያጣውንም ይስባል፣ ለወንጀል ቡድንም ይመቻል። ሁለቱ አብረው ስለተገኙ አንዱ ሌላውን ወለደ አያሰኝም።

ይህን በአገር ደረጃ የመረመሩ ሦስት ጣሊያናውያን ኢኮኖሚስቶች አሉ፦ ቢያንኪ፣ ቡዎናኖና ፒኖቲ። የ1990–2003 የጣሊያን አውራጃዎችን መረጃ ወሰዱ። ስደተኛ ወደ አንድ አውራጃ የሚሄደው ሥራ ስላለ፣ ኪራይ ስለረከሰ ወይም ዘመድ ስላለው ነው፤ እነዚህ ነገሮች ደግሞ በወንጀሉም ላይ የራሳቸው እጅ ሊኖራቸው ይችላል። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎቹ ከየአገሩ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ምን ያህል ሰው እንደተሰደደ ተመለከቱ። ያ ፍልሰት የሚነሣው ከስደተኛው አገር በመሆኑ፣ በአንድ የጣሊያን አውራጃ ውስጥ ካለው ሁኔታ ጋር አይገናኝም። በ2012 የታተመው ውጤታቸው እንዲህ ይላል፦ ስደት ከዝርፊያ በቀር ሌላ ወንጀል አልጨመረም፤ ዝርፊያ ከወንጀሉ ሁሉ ትንሽ ድርሻ ስላለው በጠቅላላው የወንጀል መጠን ላይ የታየ ለውጥ የለም። ዝርፊያው መጨመሩን አለመደበቃቸው ለእኔ የሥራቸውን ታማኝነት ያሳያል።

ተረት፦ ወረቀት ያለው ጨዋ ነው፣ የሌለው አጥፊ ነው፤ ልዩነቱ የጠባይ ነው።

እውነታ፦ ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያላቸውና የሌላቸው ቢነጻጸሩ ያላቸው ወንጀል ውስጥ የመግባታቸው ነገር ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ግን ወረቀቱ ነው ያረጋጋቸው ወይስ ቀድሞም የተረጋጉት ናቸው ወረቀቱን ያገኙት? ማወቅ የምንፈልገው ያው ሰው፣ በዚያው ዓመት፣ ወረቀቱን ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነው። አንድን ሰው ሰጥቶም ነፍጎም ማየት ደግሞ አይቻልም።

የጣሊያን ቢሮክራሲ ሳያስበው መፍትሔውን ሰጠ። በዲሴምበር 2007 መንግሥት ለ170,000 ሰዎች የሥራ ፈቃድ ኮታ አወጣ። አሠሪው ማመልከቻውን የሚልከው በኢንተርኔት ብቻ ስለነበር ቀኑ «ክሊክ ዴይ» ተባለ። በሕጉ ፈቃዱ የሚጠየቅለት ገና በአገሩ ያለ ሰው መሆን ነበረበት፤ እንደ እውነቱ ግን ብዙዎቹ እዚያው ጣሊያን ውስጥ ያለ ወረቀት የሚሠሩ ነበሩ። ከጠዋቱ በፈረንጅ 8 ሰዓት ተከፈተ፣ ቀድሞ የላከ ቀድሞ ተስተናገደ፣ በብዙ አውራጃዎች ኮታው በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ከ600,000 በላይ ማመልከቻ ነበር የገባው። ኮታው ሊያልቅ ሲል የተላከለትና እንዳለቀ የተላከለት ሰው በምን ይለያያሉ? በኮምፒውተር ፍጥነት ወይም በአሠሪው ጣት። በጠባይ፣ በትምህርት፣ በአስተዳደግ አይለያዩም። አዲስ አበባ ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለትንና ያልወጣለትን ጎረቤታሞች እንደሚለያቸው ያለ ዕድል ነው።

ከሦስቱ ኢኮኖሚስቶች አንዱ፣ በሚላኑ ቦኮኒ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ፓኦሎ ፒኖቲ፣ እነዚህን ሁለት ወገኖች ከፖሊስ መዝገብ ጋር አመሳከረ። ወረቀቱ በሰከንዶች ካመለጣቸው 1,000 ሰዎች መካከል በቀጣዩ ዓመት 11 ያህሉ በወንጀል ስማቸው ተነሣ፤ ወረቀቱን ካገኙት መካከል 5 ያህሉ ብቻ። ሰዎቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ ወንጀሉን በግማሽ ያህል የቀነሰው ወረቀቱ ነው። የጠባይ ተረት እዚህ ላይ ይወድቃል።

ተረት፦ ሰላም ፓላስ የሚኖሩት ራሳቸውን መቻል ስለማይፈልጉ ነው።

እውነታ፦ የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር የነበሩት ኒልስ ሙይዥኒየክስ በ2012 ጎብኝተውት፣ 800 ያህል ስደተኞች እንደሚኖሩበትና 250 ሰው አንድ ሻወርና አንድ ሽንት ቤት እንደሚጋራ ጽፈዋል። ይህን መርጦ የሚኖር የለም። በ2014 ደግሞ ያለ ውል በተያዘ ሕንፃ የሚኖር ሰው ረዚደንሳ (የነዋሪነት ምዝገባ) እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ያለ ረዚደንሳ የቤተሰብ ሐኪም ማግኘትም ሆነ ለመንግሥት ቤት ወረፋ መያዝ ይቸግራል። ቤት ያጣ ሰው ሕንፃው ውስጥ ይገባል፤ ሕንፃው ውስጥ በመግባቱ ደግሞ ከቤት ወረፋው ይወጣል። ተረቱ መጨረሻውን መጀመሪያ አድርጎታል።

ተረት፦ አንድ ጥሩ ጥናት ካለ ነገሩ አለቀ።

እውነታ፦ የክሊክ ዴይ ውጤት እንዳለ ወደ ሰላም ፓላስ አይሻገርም። ፒኖቲ ያጠናቸው ወረቀት የሌላቸውን ነበር፤ ከሰላም ፓላስ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ግን የጥገኝነት ፈቃድ ያላቸው ናቸው። የጎደላቸው ረዚደንሳና ቤት ነው። በአገራችንም የፋብሪካ ሥራ ከድህነት ያወጣል ሲባል ኖሯል፤ ተመራማሪዎቹ ብላትማንና ዴርኮን በኢትዮጵያ 5 ድርጅቶች አመልካቾችን በዕጣ ቀጥረው ሲያዩ ግን ገቢያቸው እምብዛም አልተሻሻለም፤ አብዛኞቹ ሥራውን ቶሎ ለቀቁ፤ የጤና ችግርም ጨመረ። በእነዚያ ድርጅቶች የተገኘው ውጤት በሌላው ፋብሪካ መደገሙ እዚያው መታየት አለበት።

የ2014ቱ ሕግ በ2017 ሲሻሻል፣ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ባሉበት ከንቲባው ረዚደንሳ እንዲፈቅድ በር ተከፍቷል። በሮም የምትገኙ የሐበሻ ማኅበራት ይህን መብት ጠይቁ። ማን መቼ እንዳገኘና ማን ገና እንደሚጠብቅ፣ ሐኪም፣ ሥራና ቤት ማግኘት አለማግኘቱንም ጭምር ከዛሬ ጀምራችሁ መዝግቡ። ያ መዝገብ ከሌለ ረዚደንሳ ምን እንደለወጠ ነገ የሚያስረዳ አይኖርም።