የጠላቷን ዘር የምታቅፈው ሸርጣን

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ወንዙ ከቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚቀላቀልበት ዳርቻ አንዲት ትንሽ የጭቃ ሸርጣን ገልብጬ አየሁ። ሆዷ ሥር ከረጢት አለ። እንቁላሏ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥገኛ ተውሳክ ኖሯል! ሎክሶቲላከስ ይሉታል። ያመክናታል፤ እሷም የጠላቷን ዘር እንደ ልጆቿ ታቅፋ ትንከባከባለች። ወንዱን ከያዘውም እንደ ሴት ያደርገዋል።

ተውሳኩ የዚህ ውሃ ተወላጅ አይደለም። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ለእርባታ ከመጣ ኦይስተር ጋር ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቨርጂኒያ ውስጥ ታየ፤ ዛሬ ፍሎሪዳ ደርሷል። ያመጡት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ አላስመረመሩም እንጂ።

ወገኖቼ፣ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭም መሠረቱ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሀገር ቤት ችግኝ ወይም የዓሣ ጫጩት ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ፣ አደራ፣ አስቀድማችሁ አስመርምሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!