እንቁራሪት ቀለሟን እንዴት ትቀይራለች?

ቀለም በመቀየር ስሟ የገነነው እስስት ናት። በጩኸቷ የምናውቃት እንቁራሪትም ግን ይህንኑ ሥራ ትሠራለች፤ ያውም በዝምታ። በደቡባዊ አፍሪካ ኩሬዎች የምትኖረውን ዜኖፐስ ሌቪስ እንውሰድ፤ ምላስ የላትም፣ የኋላ እግሮቿ ግን ጥፍር አላቸው። (ዘመዶቿ በእኛም ደጋ ውሃዎች ይገኛሉ።) ጥቁር ዕቃ ውስጥ ስትቀመጥ ትጠቁራለች፣ ነጭ ውስጥ ስትሆን ትገረጣለች።

ቀለሙ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፤ ድሮም ቆዳዋ ውስጥ ነበር። ሜላኖፎር የሚባሉት የቆዳዋ ሕዋሳት የእኛንም ፀጉር በሚያጠቁረው ሜላኒን በተሞሉ ደቃቅ ፍሬዎች የታጨቁ ናቸው። በነጭ ሰሃን መሐል አንድ ጭብጥ ጥቁር አዝሙድ ከምሩ፤ ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰሃኑ ያው ነጭ ነው። ያንኑ አዝሙድ በሰሃኑ ላይ በትኑት፤ ጠቆረ። አንድም ፍሬ አልተጨመረም። በሕዋሱ ውስጥ ፍሬዎቹን ወደ ዳር የሚያወጣቸው ካይኔሲን፣ ወደ መሐል የሚመልሳቸው ደግሞ ዳይኒን የተባለ ፕሮቲን ነው።

ትእዛዙን የሚሰጠው ማነው? አንዱ ዓይን ነው፦ ጥቁር መደብ ሲያይ ፒቱታሪ ዕጢ የሚያጠቁር ሆርሞን ይለቃል። ሌላው ጨለማ ነው፦ ሲጨልም አንጎል ውስጥ ያለው ፒኒያል ዕጢ የሚያገረጣ ሆርሞን ይለቃል። በ1917 እ.ኤ.አ. ማኮርድና አለን የተባሉ ተመራማሪዎች የከብት ፒኒያል ዕጢ ለእንቁራሪት እጮች ቢያበሏቸው እጮቹ ገረጡ። ከዕጢው ውስጥ ይህን የሚያደርገውን ንጥረ ነገር በ1958 ለይቶ ያወጣው አሮን ለርነር ሜላቶኒን አለው። ዛሬ ሰው ለእንቅልፍ የሚውጠው ኪኒን መጀመሪያ የታወቀው እንቁራሪት በማገርጣቱ ነው!

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ነው። ከእንቁራሪቷ ቆዳ ተወስደው በቤተ ሙከራ የሚያድጉ ሜላኖፎሮች ዓይንም አንጎልም ሳይኖራቸው ብርሃን ሲያርፍባቸው ይጠቁራሉ። ኢግናሲዮ ፕሮቬንሲዮና ባልደረቦቹ በ1998 በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ሜላኖፕሲን የተባለ ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን አገኙ። ፕሮቲኑ ከቫይታሚን ኤ የተሠራች ጎባጣ ሞለኪውል አቅፎ ይዟል። ብርሃን፣ በተለይ ሰማያዊው፣ ሲመታት ጉብጠቷ ይቃናል፤ እሷን ያቀፈው ፕሮቲንም ቅርጹ ይለወጣል። መልእክቱ በሕዋሱ ውስጥ ከአንዱ ኬሚካል ወደ ሌላው ይተላለፍና ፍሬዎቹ ይበተናሉ። ቆዳው ማንንም ሳይጠይቅ ብርሃኑን ራሱ አወቀ ማለት ነው።

ይኸው ፕሮቲን በ2000 በሰው ዓይን የውስጠኛው ሽፋን ላይም ተገኘ። እኛ ዘንድ ቀለም አይቀይርም፤ ዋና ሥራው ቀንና ሌሊቱን ለአንጎል መንገር ነው። አንዳንድ ዓይነ ስውራን ምንም ሳይታያቸው ሰውነታቸው ንጋትንና ምሽትን የሚለየው በዚሁ ምክንያት ነው።