ከዋጋ በታች ስለ መዋዋል

ባለፈው ክረምት ወደ ካሳ ክፍላችን የመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ በዝናብ ተንሸራትታ ከመብራት ምሰሶ ጋር የተጋጨች ቪትዛቸውን ጋራዥ አስገብተው፣ የኮፈኑን፣ የፓራውልቱን፣ የራዲያተሩንና የሌላውንም ጉዳት የጥገና ግምት 300,000 ብር ይዘው ቀረቡ። አደጋውን በማግስቱ አስታውቀዋል፤ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ አምጥተዋል፤ አረቦናቸውንም ለዓመታት ቀን ሳያሳልፉ ከፍለዋል። ያም ሁሉ ሆኖ የሚደርሳቸው የግምቱ ሲሶ፣ ከእርሱም ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም ባለ መኪናው ከየጉዳቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ፣ የሚቀነስበት መሆኑን የመንገሩ ዕጣ በእኔ ላይ ወደቀ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሙሉ ኢንሹራንስ ነው የገባሁት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን በውሉ ላይ የሰፈረው የመኪናይቱ ዋጋ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈው 800,000 ብር ሲሆን፣ በአደጋው ቀን በገበያ የምታወጣው 2,400,000 ብር ነበር።

ከዕለት ወደ ዕለት የሚያደክመኝ ስሕተት ይህ ነው። አብዛኛው የመኪና ባለቤት ውል ሲገባ የሚያስጽፈው ዋጋ መኪናው ፈጽሞ ሲወድም ወይም ሲሰረቅ ብቻ የሚፈለግ ቁጥር ይመስለዋል፤ ጉዳቱ ከተጻፈው ገንዘብ እስካነሰ ድረስም ያለ ጉድለት ይከፈለኛል ብሎ በፍጹም ልቡ ያምናል። ውሉ ግን እንዲህ አይልም። ንብረቱ ከእውነተኛ ዋጋው በታች መድን የተገባለት እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ለጎደለው ድርሻ የራሱ መድን ሰጪ ሆኖ ይቆጠራል፤ ጉዳቱም ታላቅ ይሁን ታናሽ በዚያው ልክ ይካፈላል።

ይህን የሚሰማ ሁሉ ግፍ ነው ብሎ ይቆጣል፤ እኔ ግን ርትዕ ነው እላለሁ። ምክንያቱም የመድን ገንዘብ ከብዙዎች አረቦን የተጠራቀመ የጋራ መዝገብ ነው፤ ከአደጋዎችም የሚበዙት ጥቂት ክፍል ብቻ የሚነኩ ናቸው እንጂ መኪናውን ፈጽመው የሚያጠፉ አይደሉም። እንግዲህ ለመኪናው ሙሉ ዋጋ አረቦን የከፈለውና ለሲሶው ብቻ የከፈለው ለተሰበረ ፍሬቻና ለተጨማደደ ፓራፋንጎ እኩል ካሳ የሚቀበሉ ቢሆን ኖሮ፣ እውነተኛውን ዋጋ የሚናገር አንድ ሰው አይገኝም ነበር፤ መዝገቡም ባዶ በሆነ ነበር። ዋጋን አብዝቶ ማስጻፍም ትርፍ የለውም፤ ስለ መድን እስከ ዛሬ የጸናው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ወስኗልና።

ችግሩን ያባባሰው የዘመኑ ሁኔታ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፤ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና የመኪናውና የጥገናው ዋጋ አብረው ወጡ፤ በውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ባለበት ቀረ። ለዚህ ከእኛም ወገን በደል አለ፦ የአምናውን ቁጥር ገልብጦ ውል የሚያድስ፣ አረቦኑ ከፍ ቢል ደንበኛ ይሸሻል ብሎ ዝም የሚል የሽያጭ ወኪል፣ በዕድሳት ቀን ያተረፈውን ፈገግታ በአደጋ ቀን ለእኛ ዕንባ አድርጎ ያስረክበናል።

መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው፤ እርሱም ግን የራሱ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው ያለፈው ጉዳት ወደ ባለ መኪናው ይመለሳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋልና።

ካሳ ስለ መጠየቅም በአጭሩ ልናገር። አደጋን በውሉ በተወሰነው ቀን ውስጥ ማስታወቅ ምንጊዜም ግዴታ ነው፤ ገማቹ ሳያየው መኪናን ማስጠገንም ማስረጃን ማጥፋት ነው። ነገር ግን ጉዳቱ ከኤክሰሱ እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ ካሳ መጠየቅ አደጋ ላላደረሰ ደንበኛ የሚደረገውን የአረቦን ቅናሽ ስለሚያሳጣ፣ አስታውቆ ከኪስ ማስጠገኑ ይሻላል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ውልህን ከማደስህ በፊት መኪናህ ዛሬ በገበያ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቅ፤ ያንኑም ዋጋ አስጽፍ። በዓመቱ መካከል ዋጋው ቢወጣ፣ ልዩነቱን ከፍለህ ማሻሻል ትችላለህ። አረቦን ያልተከፈለበትን ዋጋ ካሳ ክፍል ሊከፍል አይችልም።