በደረቅ ቧንቧ ውስጥ የታመቀ አየር

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ኒሯቅ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ውኃውን ጠጥቶ ክዳኑን አጥብቆ የዘጋው የፕላስቲክ ጠርሙስ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ተጨራምቶ ያገኘዋል። ከጠርሙሱ የወጣ አየር የለም፤ የጨመረው በውጭ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ነው። የታሸገ አየር ሳይጎድል የጎደለ ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ይህ ነገር ሕይወትና ንብረት በሚጠብቅ አንድ መሣሪያ ላይ ሲደርስ ምን ያስከትላል?

ውኃ ወደ በረዶ ሊለወጥ በሚችልባቸው መጋዘኖች ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ የሚይዘው ውኃ ሳይሆን የታመቀ አየር ነው። ውኃው ከቫልቭ በስተጀርባ ይጠብቃል። እሳት ሲነሣ ሙቀቱ የአንዱን መርጫ አፍ ይከፍታል፤ አየሩ ይወጣል፤ ግፊቱ ሲወርድ ቫልቩ ተከፍቶ ውኃው ይፈስሳል። አየሩ የሚጫነው የቫልቩ ገጽ ውኃው ከሚጫነው ስድስት እጥፍ ያህል ቢሰፋ፣ 6 ባር የውኃ ግፊትን 1 ባር አየር ያግደዋል። ለጥንቃቄ 1.4 ባር ሲታከልበት 2.4 ባር ይሆናል።

ግፊቱ ከልክ በታች ከወረደ ቫልቩ ያለ እሳት ይከፈታል፤ ቧንቧው ውስጥ የገባው ውኃም ረግቶ ቧንቧውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ከልክ በላይ ከሆነ ደግሞ አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ውኃው ይዘገያል፤ እሳት ግን አይጠብቅም። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ መስፈርት በትልልቅ መስመሮች ውኃው በ60 ሴኮንድ ውስጥ መጨረሻው ጫፍ እንዲደርስ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። መስፈርቱ አዲስ መስመር ሲፈተሽም ግፊቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ0.1 ባር ገደማ በላይ እንዳይቀንስ ይጠይቃል።

አሁን እንዲህ ያለ መስመር ሰቆጣ ላይ ተዘርግቷል ብለን እናስብ። ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ የከባቢ አየር ግፊት 0.78 ባር ያህል ነው። መለኪያው 2.4 ሲያሳይ ፍጹም ግፊቱ 3.18 ባር ይሆናል። ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (298 ኬልቪን) የነበረው ሙቀት ጎህ ሲቀድ 8 ዲግሪ (281 ኬልቪን) ቢደርስ፣ ፍጹም ግፊቱ ወደ 3.00፣ መለኪያው ወደ 2.22 ባር ይወርዳል። አንዲት ቀዳዳ ሳትኖር 0.18 ባር ጠፋ!

ኮምፕሬሰሩ ይህን ጉድለት በሌሊት ቢሞላው፣ በማግሥቱ ሙቀቱ ሲመለስ መለኪያው 2.59 ባር ያሳያል፤ ትርፉም የውኃውን መድረሻ ያዘገያል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ግፊቱን ሲመዘግብ ሙቀቱንም አብሮ ሊመዘግብ ይገባል። ንባቡ ከሙቀቱ ጋር ወርዶ ከሙቀቱ ጋር ከተመለሰ ቧንቧው ጤነኛ ነው፤ ሙቀቱ ተመልሶ ግፊቱ ካልተመለሰ ግን ቀዳዳው ይፈለግ።

አንባብያን ይህንኑ ስሌት በየከተማቸው ከፍታና ሙቀት እንዲሞክሩት እንጋብዛለን።