ለወገብ ሕመም እረፍት ወይስ እንቅስቃሴ?

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት አንስቼ ማቀፍ አቃተኝ። ጠዋት ከአልጋዋ ላወጣት ጎንበስ ስል ከወገቤ እስከ ቀኝ ዳሌዬ ሰቅዞ ያዘኝ። እሷ እጆቿን ዘርግታ "እቀፊኝ" ትላለች፤ እኔ የአልጋውን ጠርዝ ይዤ ደርቄ ቀረሁ።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ተጣጥፌ ወደ ቤት እገባለሁ። ሲያመኝ ያደረግሁት ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው፤ ተኛሁ። እናቴ ወገቤን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አሰረችልኝ፤ ጎረቤት ወጌሻ ጠቆመን። የወገብ ቀበቶም ገዛሁ። (ማስታወቂያ መጻፍ እንጀራዬ ስለሆነ "በሦስት ቀን ፍቱን" የሚለው ቃል እንዴት እንደሚፈበረክ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ሕመም ግን ያስገዛል።) አራት ቀን ተኝቼ ለመነሳት የባለቤቴ ትከሻ አስፈለገኝ።

በመጨረሻ ያየችኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጫለሽ?" ብላ ነው። ስቆጥረው ከ10 ሰዓት በላይ ሆነ። ለረጅም ሰዓት ስንቀመጥ ከዳሌ ፊት ያሉት ጡንቻዎች ተኮማትረው፣ የመቀመጫ ጡንቻዎች ደግሞ ሥራ ፈትተው ይውላሉ፤ ወገብ የእነሱንም ድርሻ ይሸከማል። መተኛት ደግሞ ጡንቻዎቹን ይበልጥ ያደክማቸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም ነበረባቸው። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው መመሪያ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም የአካል ብቃት እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ቀበቶን ግን አይመክርም። የእኔው ቀበቶ አሁን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

የታዘዘልኝ ቀላል ነበር። ጠዋት ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ መቀመጫዬን 10 ጊዜ ከፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ቢሮ በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ እላለሁ፤ ስልክ ሲደወል ቆሜ አናግራለሁ። ዋናው ግን የእግር ጉዞ ነው። ታክሲውን መስቀል አደባባይ ላይ ወርጄ እስከ ካዛንቺስ በእግሬ እሄዳለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ተሻለኝ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ከሯጮቹ ጋር የአደባባዩን ደረጃዎች ሞከርኩ፤ ዳሌዬ ሦስት ቀን ቀጣኝ። እርስዎ በዝግታ ይጀምሩ።

አንድ ነገር ግን አይዘንጉ፦ ሕመሙ ከእግር መዛል፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከመደንዘዝ ወይም ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት ካለው ወይም መውደቅን ተከትሎ ከመጣም ሳይመረመሩ ስፖርት አይጀምሩ።

አራት ወር ሆነኝ። ስብሰባ የበዛበት ቀን አሁንም ያመኛል። ልጄን ግን አነሳታለሁ፤ ጉልበቴን አጥፌ ዝቅ እልና ወደ ደረቴ አስጠግቼ። ጠዋት ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተኝታ ትቆጥርልኛለች፤ ከሦስት በቀጥታ ወደ ስምንት ትዘላለች።