ጣሳ የተደፋበት ደጅና የአልጋ ቤት ፈቃድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን የሚያልፈው አውራ ጎዳና ቡሬ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ባህር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። በዚህ መንገድ ዳርና ከመንገዱ ርቀው ባሉት የገጠር ገበያዎች አራት አምስት ክፍል ያላቸው፣ «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ በበራቸው የለጠፉ ማረፊያ ቤቶች ይገኛሉ። ከጎናቸው በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት ጠላ ቤት አለ። ብዙውን ጊዜ የሁለቱም ባለቤት አንዲት ሴት ናት። እህል ጭኖ የመጣው ነጋዴ፣ በርበሬ ሸጦ የመሸበት ገበሬ፣ ለሥራ የተላከው የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ የሚያድረው እዚያው ነው።

ታዲያ አልጋ ለማከራየት ፈቃድ ያወጣች ባለቤት በዚያው ፈቃድ ቢራና አረቄ መሸጥ ትችላለች ወይ? ጥያቄው ለብዙ ገበሬ ማህበር መሪዎች ሳይቀርብላቸው አይቀርም። የገጠሩ ሰው ቀበሌውን እስከ ዛሬ «ገበሬ ማህበር» እያለ ነው የሚጠራው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሠረት በ800 ሄክታር መሬት ላይ ሲቋቋም የራሱ የፍርድ ሸንጎ ነበረው። ሸንጎው ቢቀርም፣ በገበያ ማግስት ስለ መጠጥ ቤት ጠብ የሚነሳው አቤቱታ ዛሬም ቀድሞ የሚደርሰው እዚሁ ደጅ ነው።

በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ነጋዴው በንግድ መዝገብ የሚመዘገበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ግን በንግድ ሥራው ዘርፍ ይለያያል። ስለዚህ የአልጋ ፈቃድ ለመጠጥ ሽያጭ ሽፋን አይሆንም። ፈቃዱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም ማከራየት ክልክል ሲሆን፣ በግልጽ በሚታይ ቦታ መሰቀልም አለበት። በገጠር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ባለቤቷ ስትታመም ወይም ወደ ከተማ ስትሄድ ቤቱን ከነፈቃዱ ለዘመድ ትሰጣለች። በቅንነት የተደረገ ቢሆንም ነገር ሲመጣ ሁለቱም ተጠያቂዎች ናቸው።

የአረቄው ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። ደምበጫ በአረቄዋ የታወቀች ናት፤ በደቡብም አርሲ ነገሌ እንደዚያው። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉና የዳጉሳው ወይም የበቆሎው ዱቄት ተጨምሮበት ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ እየተጓዘ በውሃ በቀዘቀዘ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ተራው አረቄ በመቶ 34 ያህል፣ ዳግመኛ የወጣው ዳገም ደግሞ በመቶ 46 ያህል አልኮል እንዳለው በምርመራ ታውቋል። የጠርሙስ ቢራ ከ5 በመቶ ብዙም አያልፍም። እንግዲህ አንድ መለኪያ አረቄ የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚጠጣ ያስብበት። በዚህ ላይ ለእሳቱ የሚነደው እንጨት አለ፤ ባህር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የስንቱ ሸለቆ ቁጥቋጦ ባለቀ ነበር።

ይሁን እንጂ አረቄ ቤቶችን ሁሉ በአንድ ቀን ዝጉ የሚል መሪ ቢኖር እኛ አንስማማም። አውጪዎቹ በአብዛኛው ባል የሞተባቸው ወይም መሬት የሌላቸው ሴቶች ናቸው። ሥራው ቢከለከል ወደ ጓሮ ይገባል እንጂ አይቀርም፤ የጓሮውን ደግሞ የሚያይ የለም። የፋብሪካ አልኮል ተቀላቅሎበት ቢሸጥ፣ በተለይም ሜታኖል የተባለው ዓይን የሚያጠፋና የሚገድል መርዝ ቢገባበት፣ ከየት እንደመጣ እንኳ አይታወቅም።

በኬንያ ቻንጋ የሚባለው የቤት አረቄ ለረጅም ዘመን በሕግ ተከልክሎ ሳለ በድብቅ ሲሸጥ ኖሯል። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ሕግ ክልከላውን አንስቶ አረቄው በፈቃድ እንዲመረት አደረገ። መጠጥ ቤትም ከትምህርት ቤት ቢያንስ 300 ሜትር እንዲርቅ ደነገገ። የርቀቱ ነገር ለእኛም የሚበጅ ይመስለናል፤ ሕዝቡ በስብሰባ ተነጋግሮ ቢስማማበት ለመለካት ገመድ ብቻ ይበቃል።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የመጠጥ ማስታወቂያም የቀረው በዚሁ አዋጅ ነው። ቡና ቤቱንና የማረፊያውን አዳራሽ ጨምሮ ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ትምባሆ ማጨስም ተከልክሏል። ግን «ሂድና አረቄ ቅዳልኝ» ተብሎ ጠርሙስ ይዞ የሚላከው ሕፃን በየመንደሩ አለ። ላኪው አባቱ ነው፤ ቀጂዋም ልጁን ታውቀዋለች። ይህን ከወረዳ የሚመጣ ተቆጣጣሪ ሊደርስበት አይችልም።

መሪዎቹ ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጋር ሊነጋገሩበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የፈቃድ እድሳት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃም ይጠየቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ወንዙ የሚሞላበት፣ መንገዱ የሚጨቀይበት፣ እህሉም ገና ያልደረሰበት ወቅት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው በተነሳው ግጭት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ደግሞ ማረፊያ ቤቶቹ እንግዳ አጥተው ሰንብተዋል። ከወምበርማ ቆላ ወይም ከቡሬ ዙሪያ ጠረፍ አንዲት ባለ አራት ክፍል አልጋ ቤት ባለቤት ለአንድ ማኅተም ሁለት ቀን በእግር ብትጓዝ፣ ቤቷ ተዘግቶ የሚከርመው ለእንግዳ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ጎረቤቷ ግን በዚያን ጊዜም ይሸጣል። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ መዝገቡንና ማኅተሙን ይዞ ሰላም በሆነበት የገበያ ቀን ወደ ራቁት ቀበሌዎች ቢወጣ፣ የገበሬ ማህበሩ ደግሞ የባለቤቶቹን ስም ዝርዝር አስቀድሞ ቢያዘጋጅ፣ የሁለት ቀኑ መንገድ በአንድ ጠዋት ያልቃል።